ከእናት ዛፍ እስከ ሦስተኛው ክረምት፦ አገር በቀል ዛፍን ከዘር ጀምሮ የማሳደግ ዝርዝር መመሪያ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ይዞ መውጣት የብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና እድሮች ልማድ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከተካዮቹ አብዛኞቹ ችግኙን የሚያውቁት ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ብቻ ነው። ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተለቀመ፣ ለመብቀል ስንት ወር እንደፈጀ፣ ከተተከለ በኋላስ ማን እንደሚጠብቀው አያውቁም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጓሮው፣ በማሳው ዳር፣ በትምህርት ቤት ወይም በደብር ቅጥር ግቢ ውስጥ ከ20 እስከ 50 የሚደርሱ አገር በቀል ዛፎችን ከዘር ጀምሮ አሳድጎ ጥላቸውን፣ አበባቸውንና እንጨታቸውን ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚያደርግ የማየት ትዕግሥት ነው።

ዛፉን ከቦታው ጋር ማስማማት

የመጀመሪያው ውሳኔ የቦታው ከፍታ ነው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ጀምሮ ይስማማዋል፤ በሞቃት ወይና ደጋ ቢተከል ይመነምናል። ዋንዛና ብሳና በተቃራኒው የወይና ደጋ ዛፎች ስለሆኑ በብርቱ ውርጭ በሚመታ ደጋ ላይ ይቸገራሉ። ጥድና ወይራ ሰፊ ክልል ይሸፍናሉ፤ ከወይና ደጋ እስከ ደጋ ባለው መሬት፣ ድንጋያማና ስስ አፈር ባለበት ተዳፋት ላይ እንኳ ይይዛሉ። ዝግባና ጥቁር እንጨት እርጥበት ያለውና ጥልቅ አፈር ያለው ወይና ደጋ ይመርጣሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚታመን ምስክር ግን የአካባቢው ነባር ዛፍ ነው። በአቅራቢያዎ ባለ ደብር፣ በወንዝ ዳር ወይም በአሮጌ አጥር ውስጥ ሰው ሳይንከባከበው ያረጀ ዛፍ ካለ፣ ያ ዝርያ አፈሩንና አየሩን ለብዙ አሥርት ዓመታት ፈተና አልፎበታል ማለት ነው። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት አካባቢውን ተዘዋውረው ይመልከቱ፤ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎችንም ድሮ በቦታው ምን ይበቅል እንደነበር ይጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዛፉን ለምን እንደሚፈልጉት ነው። ንብ የሚያነብ ሰው ዋንዛን፣ ብሳናንና ወይራን ቢያስቀድም ይጠቀማል። ፈጣን ጥላ የሚፈልግ ሰው ዋንዛን ይትከል፤ ዋንዛ ከአገር በቀሎቹ መካከል ቶሎ ከሚያድጉት አንዱ ሲሆን ፍሬው ይበላል፣ እንጨቱም ለከበሮና ለቤት ዕቃ ተመራጭ ነው። ወይራ ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ፣ ለመፋቂያ፣ ለዱላና ለእርሻ መሣሪያ እጀታ የሚተካው ዛፍ የለም። ኮሶ በደጋ ግቢ ውስጥ ከውበቱ ጋር ለአፈር የሚጠቅም ቅጠል ያራግፋል። ሴቴው አበባው ለኮሶ ትል መድኃኒትነት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ቢሆንም፣ መጠኑ ሲበዛ የሚመርዝና ዓይንን የሚጎዳ ስለሆነ ዛፍ ተከልኩ ብሎ በቤት ውስጥ ሕክምና መጀመር አይገባም። ጥቁር እንጨት ደግሞ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ መድኃኒት መሥሪያ በጣም ስለሚፈለግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር የሚደረግበት ዛፍ ነው፤ ብርቅ እየሆነ የመጣ ዝርያ ማቆየት ለሚሻ ሰው ጥሩ ምርጫ ይሆናል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ ችግር አቃልሏል፤ ዛሬም ገንዘብ በቶሎ ለሚፈልግ ገበሬ የሚሰጠውን ጥቅም መካድ አይቻልም። ነገር ግን በጓሮ አትክልት አጠገብና በምንጭ ዳር ቦታው አይደለም፤ ይህ መመሪያም አይመለከተውም።

ለጀማሪ የምመክረው ሁለት ዝርያ ብቻ መያዝን ነው፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ቀርፋፋ። በወይና ደጋ ዋንዛና ወይራ፣ በደጋ ኮሶና ጥድ ቢሆኑ ፈጣኑ ሥራውን እያስተማረ ቀርፋፋው በትዕግሥት ይጠበቃል።

የቀን መቁጠሪያውን ከሐምሌ ወደ ኋላ መቁጠር

በአብዛኛው የአገሪቱ መካከለኛና ሰሜናዊ ክፍል ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ዘግይቶ በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይዘረጋ ዝናቡ ይወጣበታል። ስለዚህ ጉድጓዱ በግንቦት መቆፈር፣ ችግኙን ከፀሐይ ጋር ማለማመድ በሰኔ መጀመር፣ ዘሩም ከዚያ በብዙ ወራት ቀድሞ መዘራት አለበት። እንደ ዋንዛና ግራር ያሉት በጥር ቢዘሩ ለዚያው ክረምት ሊደርሱ ይችላሉ። ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ግን ለመብቀልም ለማደግም የሚዘገዩ በመሆናቸው በጥቅምትና በኅዳር ተዘርተው እንኳ አንዳንዶቹ ለሚቀጥለው ዓመት ክረምት መቆየት ሊኖርባቸው ይችላል። ትንሽ ችግኝ ለመትከል ከመቸኮል አንድ ዓመት በችግኝ መደብ ላይ ማቆየት ይሻላል።

የዘሩ መድረሻ ወር እንደየአካባቢው ስለሚለያይ፣ የመረጡትን ዛፍ በየሁለት ሳምንቱ እየሄዱ ይመልከቱ። መቼ እንዳበበ፣ ፍሬው መቼ ቀለም እንደለወጠ፣ ወፎች መቼ መሰብሰብ እንደጀመሩ በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ ይህ ደብተር ከማንኛውም የታተመ ሰንጠረዥ ይልቅ ለእርስዎ ቀበሌ የሚሠራ የቀን መቁጠሪያ ይሆናል።

እናት ዛፍ መፈለግና ማስፈቀድ

ዘር የሚለቀምበት ዛፍ ጤነኛ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለና ፍሬ በብዛት የያዘ መሆን አለበት። ብቻውን በሜዳ መካከል ከቆመ ዛፍ ይልቅ ዘመዶቹ በዙሪያው ካሉት መልቀም ይመረጣል፤ ብቸኛው ዛፍ ከራሱ የአበባ ብናኝ ጋር ብቻ ሊራባ ስለሚችል ደካማ ችግኝ ይበዛበታል። በዚሁ ምክንያት ሁሉንም ዘር ከአንድ ዛፍ አይውሰዱ። ቢቻል ከ5 እስከ 10 ከሚሆኑ፣ እርስ በርስ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሚራራቁ ዛፎች ጥቂት ጥቂት ለቅመው ያደባልቁ።

ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንድና ሴት ዛፋቸው የተለያየ ነው። ወንዱን ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቢጠብቁት ዘር አይሰጥም። ሴቴ ኮሶ የምትለየው ቀላ ብሎ በሚንዠረገገው አበባዋ ሲሆን፣ ሴት ጥድ ደግሞ ሲበስሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጡ ጥቃቅን ፍሬዎችን ትይዛለች።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናት ዛፍ የሚገኝበት ዋናው ቦታ የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። በተለይ በደቡብ ጎንደር ከአየር ላይ ለሚመለከት ሰው በእርሻ በተከበበ መሬት መካከል ክብ ሆነው የሚታዩት አረንጓዴ ቦታዎች እነዚህ ደኖች ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ስለ እነዚህ ደኖች ባደረጉት ጥናትና ከየደብሩ ማኅበረሰብ ጋር በሠሩት የድንጋይ አጥር ሥራ የታወቁ ናቸው፤ አጥሩ ከብት እንዳይገባ ሲከለክል ከዛፎቹ ሥር ቡቃያ የመውጣት ዕድል ያገኛል። ዘር ወስዶ ደን መመሥረትም አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደለማ ይነገራል።

ከደብር ግቢ ለመልቀም በቅድሚያ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ገበዙን ማነጋገርና ዓላማውን ማስረዳት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ከመሬት የወደቀውን መልቀም ነው፤ ይህም ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ይበቃል። ቅርንጫፍ አይሰበርም፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ማራገፍም ያለ ፈቃድ አይሞከርም። ያለውን ፍሬ ሁሉ ጠራርጎ መውሰድ አይገባም፤ ወፎቹ፣ ጦጣዎቹና ራሱ ደኑ ድርሻ አላቸው። ካደጉት ችግኞች ጥቂቱን ለደብሩ መልሶ ማምጣት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ ከማንኛውም ደብዳቤ የበለጠ መንገድ ይከፍታል። የመንግሥት ደን ከሆነ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል።

ዘሩን ማዘጋጀት

ከዚህ ሥራ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ጠባይ ስላለው አንዱን የሚያበቅለው ዘዴ ሌላውን ይገድላል።

ዋንዛ የሚለቀመው ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሲለሰልስ ነው። የሚያጣብቀው ሥጋ በዘሩ ላይ ከደረቀ ሻጋታ ስለሚያመጣ፣ በተለቀመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በውሃና በአሸዋ እያሹ ማጠብ፣ ከዚያም በጥላ ሥር ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጠንካራው ዘር በውስጡ ከአንድ በላይ ፍሬ ሊይዝ ስለሚችል ከአንድ ዘር ሁለት ቡቃያ ቢወጣ አይገረሙ፤ ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን ያዛውሩታል። ለመብቀል ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይፈጃል።

ወይራ ፍሬው ወደ ሐምራዊና ጥቁር ሲለወጥ ይለቀማል። ሥጋው ከተላጠና ዘሩ ለጥቂት ቀናት በጥላ ከደረቀ በኋላ ችግሩ የሚመጣው ከጠንካራው ቅርፊት ነው፤ ውሃ ወደ ውስጥ ካልገባ ዘሩ ለብዙ ወራት ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ በፒንሳ ወይም በትንሽ ድንጋይ ቅርፊቱን ብቻ ሰንጠቅ ማድረግና ከዚያ ለ24 ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ይገባል። ኃይል በዝቶ ውስጡ ያለው ነጭ ፍሬ ከተጨፈለቀ ዘሩ ጠፍቷል፤ ስለዚህ በጥቂት ዘሮች እጅን ካለማመዱ በኋላ ወደ ቀሪው መሄድ ይሻላል። ዝግባም ተመሳሳይ ጠንካራ ልባስ አለው፤ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ቢሰነጠቅለትም ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል።

ጥድ በቁጥር ብዙ ዘር ቢሰጥም ከመካከሉ ባዶውና በተባይ የተበላው ይበዛል። ፍሬዎቹ በቀላሉ ተጨፍልቀው በውሃ ከታጠቡ በኋላ ዘሮቹ በባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨመራሉ፤ የሚንሳፈፈው ተጥሎ የሰመጠው ይወሰዳል። ለማረጋገጥ ከሰመጡት አሥሩን በምላጭ ከፍለው ይመልከቱ፤ ውስጣቸው ነጭና ሙሉ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡናማ ወይም ባዶ ከሆነ ከሌላ ዛፍ መልቀም ይኖርብዎታል።

ይህ የማንሳፈፍ ዘዴ ለኮሶ አይሠራም። የኮሶ ዘር እጅግ ደቃቅና ቀላል ስለሆነ ደህናውም ይንሳፈፋል። የደረቀው ዘለላ በአንሶላ ወይም በወረቀት ላይ በጥላ ተዘርግቶ፣ በእጅ እየታሸ፣ በወንፊት ይለያል። ነፋስ ባለበት ቀን ይህን ሥራ ውጭ መሥራት ዘሩን መበተን ነው።

ብሳና ፍሬው ሲደርቅ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ሊፈነዳ ሲል መልቀምና በከረጢት ውስጥ አድርጎ ማድረቅ ይመረጣል፤ ዘሩ ዘይታማ በመሆኑ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ጥቁር እንጨት ከዚህም የባሰ ስስ ነው። ዘሩን ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይገድለዋል፤ ሥጋው እንደታጠበ በቀናት ውስጥ መዘራት አለበት። ከዓመት በፊት የተቀመጠ የጥቁር እንጨት ዘር የሚሰጥዎ ሰው ቢኖር አመስግነው ይተዉት።

ግራር ቀላሉ ነው። የፈላ ውሃ ከእሳት ላይ ከወረደ በኋላ ዘሩ ይጨመርበትና ውሃው እስኪቀዘቅዝ፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ ይቆያል። ያበጠው ዘር ወዲያው ይዘራል።

ወዲያው የማይዘራ ዘር በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይይዛል። በከረጢቱ ላይ የዛፉ ስም፣ ቦታውና የተለቀመበት ቀን ይጻፍ።

አፈርና ማሳደጊያ

ለችግኝ የሚሆን አፈር ውሃ የሚይዝ ግን የማይጨቀይ መሆን አለበት። በብዙ ችግኝ ጣቢያዎች የሚሠራበት ልኬት 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ነው። አፈሩ መረሬ ከሆነ አሸዋውን መጨመር ያስፈልጋል። ያልበሰለ ፍግ የቡቃያ ሥር ያቃጥላል። ለጥድና ለዝግባ እንደዚሁ ዓይነት ዛፍ ካለበት ደን ሥር ጥቂት እፍኝ አፈር መቀላቀል ይጠቅማል፤ ከሥራቸው ጋር ተባብረው የሚኖሩ ፈንገሶች በዚያ አፈር ውስጥ ይገኛሉና። ድብልቁ በወንፊት ተነፍቶ ጠጠርና ሥር ይወጣለታል።

የችግኝ ፕላስቲክ ከገበያ ካልተገኘ የወተት ከረጢት ወይም አናቱ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከታች በኩል ውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች ይበጁለት። ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ ከሆነ በዙሪያው አፈር ወይም ሣር ማስጠጋት ሥሩን ከፀሐይ ይጠብቃል።

መዝራት፣ ማዛወር፣ መንከባከብ

እንደ ወይራ፣ ዋንዛና ግራር ያለው ትልልቅ ዘር በቀጥታ በፕላስቲኩ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ ይዘራል፤ ጥልቀቱ ከዘሩ ውፍረት እጥፍ አይበልጥም። እንደ ኮሶ ያለ ደቃቅ ዘር ግን ከደረቀ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በሣጥን ወይም በትንሽ መደብ ላይ ይበተንና በላዩ በጣም ስስ አሸዋ ይነሰነስበታል። ከዚያ በደረቅ ሣር ይሸፈናል፤ ውሃ የሚጠጣውም በሣሩ ላይ በቀዳዳ ማጠጫ ነው። ቡቃያው ብቅ ማለት ሲጀምር ሣሩ ሳይዘገይ መነሳት አለበት፤ ከቆየ ቡቃያው ይነጣና ይቀጥናል። ከመደቡ በላይ አንድ ሜትር ከፍ ያለ የሣር ወይም የሸምበቆ ዳስ ይሠራል።

በመደብ ላይ የበቀለው ሁለት እስከ አራት መደበኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ይዛወራል። ይህ ሥራ ፀሐይ ከቀዘቀዘች በኋላ ይሠራል። አስቀድሞ መደቡ ውሃ ይጠጣል፤ ቡቃያው ከሥሩ በኩል በቀጭን እንጨት ተፈንቅሎ ይወጣል፤ የሚያዘውም በቅጠሉ ነው እንጂ በግንዱ አይደለም፣ ለጋ ግንድ በጣት ሲጨመቅ ይሞታልና። በአዲሱ አፈር የሚበጀው ቀዳዳ ሥሩ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት መሆን አለበት። ወደ ላይ የታጠፈ ሥር ያለው ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ጉዳት ሳያሳይ ቆይቶ፣ ዛፍ ሲሆን በነፋስ የሚወድቀው እርሱ ነው።

ውሃ ጠዋት ወይም ማታ ይሰጣል። ቡቃያ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮና ቀጥኖ ከወደቀ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የውሃ መብዛትና የመጨናነቅ ውጤት የሆነ የፈንገስ በሽታ ነው፤ የታመመውን ማስወገድ፣ ውሃ መቀነስና አየር እንዲገባ ማሳሳት ያስፈልጋል። ችግኙ እያደገ ሲሄድ ደግሞ በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ ፕላስቲኩን እያነሱ ወደ መሬት የወጣውን ሥር መቁረጥ አይዘንጋ፤ አለዚያ ሥሩ መሬት ይይዝና በመትከያው ቀን ተቆርጦ ችግኙ ይደርቃል።

ለመትከል አንድ ወር ሲቀረው ዳሱ ቀስ በቀስ ይነሳል፤ ውሃውም ይቀንሳል። በጥላ የተቀማጠለ ችግኝ በሜዳ ፀሐይ በሳምንት ውስጥ ይረግፋል። ለመትከል የሚመረጠው ችግኝ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ቁመት ኖሮት ግንዱ ወደ እንጨትነት መለወጥ የጀመረው ነው፤ ረጅምና ቀጭን ሆኖ የተንጋደደውን መተው ይሻላል።

ጉድጓድ መቆፈርና መትከል

ጉድጓዱ በግንቦት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ሆኖ ይቆፈራል። ጥቁሩ የላይ አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጣል፤ ሲተከል ለም የሆነው ወደ ሥሩ እንዲገባ ነው። በዛፎቹ መካከል ቢያንስ 3 ሜትር፣ እንደ ዋንዛና ዝግባ ላሉ ሰፋፊ ዛፎች ከ5 ሜትር በላይ መተው ይገባል። ከቤት ግድግዳ፣ ከውሃ ቧንቧና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅም ያስፈልጋል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከጉድጓዱ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የአፈር ክትር መሥራት ውሃ ይይዛል። ውሃ የሚተኛበት መረሬ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ችግኙ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይተከላል።

በተከላው ቀን ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ነገሩ ግልጽ ቢመስልም በዘመቻ ተከላ ላይ በጥድፊያ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ጥቂት አይደለም። በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ሳይፈርስ ችግኙ በጉድጓዱ መካከል ይቆማል፤ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ይሁን። አፈሩ ተመልሶ በእግር ቀስ ተብሎ ይረገጣል፤ በዙሪያው ባዶ የአየር ክፍተት የተረፈበት ሥር ይደርቃልና። በላዩ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ይጎዘጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።

ከተተከለ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት

የአገር በቀል ዛፍ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ጠላት ልቅ ግጦሽ ነው። አንዲት ፍየል የዓመት ተኩል ድካምን በአንድ ማለዳ ትጨርሳለች፤ በተለይ ዋንዛ ለከብት የሚጣፍጥ ቅጠል አለው። ስለዚህ አጥር ከችግኙ በፊት መታሰብ አለበት፤ የእሾህ ቅርንጫፍ፣ የድንጋይ ካብ ወይም ለእያንዳንዱ ችግኝ የቀርከሃ ቅርጫት በቂ ነው። የጋራ መሬት ከሆነ ከጎረቤትና ከእረኞች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከአጥሩ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በደጋ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ለጋ ችግኝ ያቃጥላል፤ ከሁሉ የሚጎዳውም ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት የሸለቆ ግርጌ ነው። በእነዚያ ወራት ችግኙን ማታ ማታ በሣር ጎጆ ወይም በጆንያ መሸፈንና ጠዋት መግለጥ ያድነዋል። በበጋ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ሥሩ ድረስ የሚዘልቅ ውሃ መስጠት በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ ይሻላል፤ ታቹ በመርፌ የተበሳ የውሃ ጠርሙስ ከጎኑ ቀብሮ በየጊዜው መሙላት ብዙ ውሃ ይቆጥባል። ምስጥ በሚበዛበት ቦታ ደረቅ ጉዝጓዝ ከግንዱ ይራቅ። ችግኙ ያለ ምክንያት ጠውልጎ ሲነቀል ሥር የሌለው ሆኖ ከተገኘ ፍልፈል በልቶታል ማለት ነው፤ በዙሪያው ያሉትን አዳዲስ የአፈር ጉብታዎች መከታተል ይገባል።

አረም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በሚቀጥለው ሰኔ፣ ከችግኙ ዙሪያ በአንድ ክንድ ርቀት ይነቀላል። የሞተው በሚቀጥለው ሐምሌ ይተካል፤ ለዚህም ከተተከለው ቁጥር ላይ ጥቂት ችግኞችን በመደብ ላይ ማቆየት ብልኅነት ነው። በደብተሩ ላይ የትኛው እናት ዛፍ ልጆች እንደጸኑ መጻፍዎን ከቀጠሉ በሁለተኛው ዓመት የት መልቀም እንዳለብዎ ያውቃሉ።

ከሦስተኛው ክረምት በኋላ ችግኙ ከከብት አፍ በላይ ካደገ ጥበቃው ይቀልላል፤ ጥቅምም መስጠት ይጀምራል። ከዋንዛ የሚረግፈውን ቅጠል ለኮምፖስት መሰብሰብ፣ በሥሩም ጥላ የሚወዱ እንደ ቡናና ጌሾ ያሉትን መትከል ይቻላል። ወይራው ግን ገና ነው፤ ለማጠኛ የሚሆን ቅርንጫፍ ለመውሰድ ጥቂት ተጨማሪ ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲገረዝም በደረቅ ወቅት፣ በተሳለ መጋዝ፣ ከታችኛው ቅርንጫፍ ተጀምሮ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከዛፉ ቅጠል ሲሶውን የሚያልፍ አይቆረጥም፣ ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው አንጓም ሳይነካ ይቀራል። ሙሉውን ዛፍ መቁረጥ ካስፈለገ፣ በራስ ይዞታ የተተከለ ቢሆንም እንኳ፣ እንጨቱን ለማጓጓዝና ለመሸጥ ፈቃድ ስለሚጠየቅበት ከመጋዙ በፊት ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይቀድማል።